በነጻ የሚገኘው የፉቲ ሕግ መጽሐፍ፦ ከአንዲት የጎል ዳኛ እናት

ልጁ አስራ ሁለት ዓመቱ ነው። የልጄ ጓደኛ ነው፤ በአንድ የፉቲ (የአውስትራሊያ ፉትቦል) ቡድን ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል። እሁድ ጠዋት ነበር። አራተኛው ሩብ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። በ8 ነጥብ እየመራን ነው። እኔ ነጭ ካፖርት ለብሼ፣ ሁለቱን ባንዲራዎች ይዤ፣ ከቋሚዎቹ ኋላ ቆሜያለሁ። የጎል ዳኛ ነኝ። እዚህ ሜልቦርን የታዳጊዎች ጨዋታ የሚቆመው በወላጅ ጉልበት ነው። ክለቡ ሰው ሲቸግረው እጄን አወጣሁ፤ ይኸው ሁለተኛ ዓመቴ።

ልጁ ኳሷን እንደያዘ ወደ እኔ ዞረ። በአጠገቡ ማንም የለም። ረጋ ብሎ ተራመደና የራሱን የጎል መስመር ተሻገረ። ፊቱ ላይ ኩራት አየሁ። አስልቶ ነው ያደረገው።

ስሌቱን ላስረዳችሁ። በአውስትራሊያ ፉትቦል በሜዳው ጫፍ አራት ቋሚዎች አሉ፤ አግዳሚ የለም። ኳሷ ተመትታ በመሃለኞቹ ሁለት ረጃጅም ቋሚዎች መካከል ካለፈች 6 ነጥብ ነው። በረጅሙና በአጭሩ ቋሚ መካከል ካለፈች 1 ነጥብ። ይህቺን አንድ ነጥብ «ቢሃይንድ» ይሏታል። ተከላካይ ራሱ ኳሷን ይዞ መስመሩን ከተሻገረም ተጋጣሚው የሚያገኘው ያቺኑ 1 ነጥብ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ኳሷን የሚያስጀምረው ደግሞ የተከላካዩ ቡድን ነው። እንግዲህ ልጁ አንድ ነጥብ ለቆ ኳሷንም ሰዓቱንም በእጁ ማድረግ ፈለገ።

ፊሽካ ተነፋ። የሜዳው ዳኛ፣ እሱም ገና ጎረምሳ ነው፣ ለተጋጣሚያችን ቅጣት ምት ሰጠ። ከጎሉ አፍ ላይ። መቺው ነካ አደረጋት፤ ስድስት። ሁለቱንም ባንዲራ አውለበለብኩ። ጨዋታውን በ2 ነጥብ አሸነፍን፤ ልጁ ግን እያለቀሰ ነው የወጣው። «እንደማይቻል ማንም አልነገረኝም» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። እኔም አላውቅም ነበር።

በዚያው ማታ የሕጉን መጽሐፍ አወረድኩ።

ዛሬ አስተያየቴን የምጽፈው ስለዚሁ መጽሐፍ ነው። የአገሩ ፉትቦል ሊግ፣ ኤኤፍኤል የሚባለው፣ የጨዋታውን ሕጎች በሙሉ ሰብስቦ ድረ ገጹ ላይ በነጻ አስቀምጧል። ስልክ ላይ ማንበብ ዓይን ያደክማል። እኔ እዚሁ ሰፈሬ ፉትስክሬይ በጥቁርና ነጭ አሳትሜ በሽቦ አስጠረዝኩት። አሁን ከባንዲራዎቹ ጋር በአንድ ቦርሳ ይኖራል።

መጀመሪያ ሳነበው ደረቀብኝ። የውል ስምምነት የማነብ መሰለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ግን እርሳስ ይዤ ቁጭ አልኩ። እያንዳንዱ እንግዳ አንቀጽ ጎን «ይህን ማን አድርጎ ነው የተከለከለው?» ብዬ ጻፍኩ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይሉ የለ? ከዚያ የቆዩ ጨዋታዎችን እየፈለግኩ፣ የክለቡን ሽማግሌዎች እየጠየቅኩ ገጽ በገጽ ሄድኩ። ያን ጊዜ ነው መጽሐፉ የተከፈተልኝ። ክልከላዎቹ ባለቤት አላቸው። አንድ ብልህ ሰው አንድ ቀን ክፍተት አየ፣ ገባበት፣ በማግስቱ ክፍተቱ ተደፈነ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

ልጁን ያስለቀሰው አንቀጽ ከ2009 ወዲህ የመጣ ነው። ታሪኩ 2008 ላይ ነው። ሪችመንድ ከኤሰንደን ይጫወታል። ሪችመንድ በ6 ነጥብ ይመራል፤ የቀሩት ሰከንዶች ናቸው። የሪችመንዱ ጆኤል ባውደን ኳሷን ከጎሉ ሊያስጀምር ቆሟል። ወደ ፊት ቢመታት ተጋጣሚ ሊቀማት ይችላል። ስለዚህ መስመሩን ወደ ኋላ ተሻገረ። አንድ ነጥብ ለኤሰንደን። ኳሷ እንደገና ለእሱ። ደገመው። ሌላ አንድ ነጥብ። ሰዓቱ አለቀ፤ ሪችመንድ በ4 ነጥብ አሸነፈ። የጣሰው ሕግ አልነበረም። አገር ጮኸ።

ጩኸቱ ሳይበርድ የዚያው ዓመት የዋንጫ ፍጻሜ ጨዋታ ደረሰ። ሆውቶርን ከጂሎንግ፣ ኤምሲጂ ስታዲየም፣ መቶ ሺህ ሕዝብ ፊት። ጂሎንግ በመደበኛው ውድድር ከ22 ጨዋታ 21ዱን ያሸነፈ አስፈሪ ቡድን ነበር። የሆውቶርን ተከላካዮች ጫና በበዛባቸው ቁጥር ኳሷን ከራሳቸው መስመር ኋላ ያስወጧት ጀመር። አስራ አንድ ጊዜ! ውጤቱን ተመልከቱ። ጂሎንግ 11 ጎልና 23 ቢሃይንድ፣ ድምር 89። ሆውቶርን 18 ጎልና 7 ቢሃይንድ፣ ድምር 115። ዋንጫው የሆውቶርን ሆነ። አንድ አንድ ነጥብ እየለገሱ ስድስቷን ከለከሉ። በቀጣዩ ዓመት ሕጉ መጣ፤ ጫና ሳይኖርበት ሆን ብሎ ያስወጣ ተከላካይ በቅጣት ምት ይቀጣል።

ይህን ሳነብ ያ ልጅ ታየኝ። በአስራ ሁለት ዓመቱ፣ ማንም ሳያሳየው፣ ዋንጫ ያስገኘውን ብልሃት በራሱ ጭንቅላት አግኝቶታል። ጥፋቱ መዘግየቱ ብቻ ነው።

አዲስ አበባ እያለሁ ከወንድሜ ጋር ስታዲየም እገባ ነበር፤ ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ። ሰዓት መግደል ምን እንደሆነ የተማርኩት እዚያ ነው። በእኛ እግር ኳስም ተከላካይ ለበረኛው ኳስ እየመለሰ፣ በረኛው በእጁ እያቀፈ፣ ደቂቃ የሚበላበት ዘመን ነበር። በ1992 ተከለከለ። የሰው ልጅ ብልሃት የትም አንድ ነው። ልዩነቱ እግር ኳስ ሕጉን ሲቀይር ብዙ ያመነታል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የፉቲ ወረቀት ግን ቶሎ ይለቃል። የዘንድሮውን እትም ያልያዘ ሰው ተሳስቶ ሊከራከር ይችላልና፣ የምታወርዱት የዘመኑ መሆኑን አረጋግጡ።

ለእኔ ለጎል ዳኛዋ የሚቀርበኝ የቋሚው አንቀጽ ነው። ቋሚውን ሆን ብሎ መነቅነቅ ክልክል ነው። መጀመሪያ ሳየው ማን ይነቀንቃል አልኩ። ቅርብ ቦታ ላይ ቆማችሁ ካላያችሁት አይገባችሁም። መቺው ዓይኑን ቋሚዎቹ ላይ ተክሎ ነው የሚመጣው። ቋሚው ከተወዛወዘ ዓይኑም ይወዛወዛል። ኳሷ ቋሚውን ነክታ ብትሄድ ደግሞ ጎል አይደለችም፤ ስለዚህ ቋሚው ያለበት ቦታ በሴንቲሜትር ዋጋ አለው።

በ2019 ሲድኒ ላይ የሆነውን ስሙ። ሲድኒ ስዋንስ ኤሰንደንን በ5 ነጥብ እየመራ ጨዋታው አለቀ፤ የኤሰንደኑ ዴቪድ ማየርስ ግን የመጨረሻ ምት አለችው፣ ከሩቅ። የሲድኒው ዴን ራምፒ ምን አደረገ? ቋሚው ላይ ወጣ። ተንጠላጠለበት። ከፍ ብሎ ኳሷን ሊነካ ነው። ዳኛው ውረድ አለው፤ ወረደ። ምቷም አልደረሰች። ቅጣት ምት ግን አልተሰጠም። ሕጉ መነቅነቅ ይላል፤ መውጣት መነቅነቅ ነው ወይ? አገሩ ሳምንቱን ሙሉ በዚህ ተከራከረ። ኋላ ሊጉ ራምፒን 1000 ዶላር ቀጣው። እኔ ከቋሚው ሥር ሁለት ዓመት የቆምኩ ሰው ነኝና ፍርዴን ልናገር፤ ነቅንቆታል። ሰውነቱን የሚያህል ነገር ተንጠልጥሎበት ዝም የሚል ቋሚ የለም። ቅጣት ምት መሰጠት ነበረበት። ጎሉ አፍ ላይ ቅጣት ምት ማለት ደግሞ ስድስት ነጥብ ነው፤ ጨዋታውን ይገለብጠው ነበር።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። ፉትስክሬይ ለእናንተ ምናልባት የእንጀራና የበርበሬ ሰፈር ነው። ቅዳሜ ከሩቅ ሰፈር ሁሉ ሐበሻ ለቡናና ለክትፎ የሚመጣበት። ከዚያው ትንሽ እልፍ ሲሉ ዊተን ኦቫል አለ፤ የዌስተርን ቡልዶግስ ቤት። ስሙ የተወሰደው ከቴድ ዊተን ነው። ሐውልቱ ከሜዳው ደጅ ቆሟል። ለፉትስክሬይ፣ የቡልዶግስ የድሮ ስም ነው፣ 321 ጨዋታ ተጫውቷል፤ በ1954ቱ ዋንጫም ነበረበት። ሐውልቱን ለዓመታት አልፌው ስሄድ የከንቲባ ይመስለኝ ነበር። መጽሐፉ ነው ያስተዋወቀኝ።

እንዴት? በፉቲ ኳስ መወርወር ክልክል ነው። ለጓደኛህ በእጅ የምታቀብለው ኳሷን በአንድ እጅ ይዘህ በሌላው ጡጫ መትተህ ነው። ለምን በጡጫ? ዊተን በተዘረጋ መዳፍ ጠፍ እያደረገ ማቀበል ጀምሮ ነበር። መዳፍ ከጡጫ ይፈጥናል። ለመወርወርም ይቀርባል። ዳኛ ከሩቅ ሆኖ ይህ ምት ነው ይህ ውርወራ ነው ብሎ መለየት ይቸገራል። በመጨረሻ ሕጉ መዳፍን ከለከለ። አሁንም «ጡጫ» የሚለውን ቃል ሳነብ ያ ሐውልት ይታየኛል። በ2016 ቡልዶግስ ከ62 ዓመት በኋላ ዋንጫ ሲያነሱም ፈጣን የእጅ ቅብብላቸውን ያዩ ተጋጣሚ ደጋፊዎች «ይወረውራሉ» እያሉ ያማርሩ ነበር። የሰፈሩ ደም ነው መሰለኝ።

የቡልዶግስ ሌላም አላቸው፤ ይሄኛው የምወደው ነው። በ2000 ኤሰንደንን የሚችል ጠፋ። ሃያ ጨዋታ ተጫውቶ ሃያውንም አሸነፈ። በ21ኛው ሳምንት ከቡልዶግስ ጋር ገጠመ። የቡልዶግሱ አሰልጣኝ ቴሪ ዋላስ አጥቂዎቹን ሁሉ ወደ ኋላ ጠራቸው። እስከ አስራ አራት የሚደርስ ተጫዋች ከጎሉ ፊት አከማቸ። የኤሰንደን አጥቂዎች መተንፈሻ አጡ። ኳስ ሲገቡላቸው ዙሪያቸው ሰው ነው። ቡልዶግስ በ11 ነጥብ አሸነፉ። ኤሰንደን ያን ዓመት ዋንጫውን ወሰደ፤ የተሸነፈው ግን ይህችን አንዲት ጨዋታ ብቻ ነው። «ጎርፍ» ይሉታል ይህን ስልት፤ ሜዳውን በሰው ማጥለቅለቅ ነው።

ለጎርፉ መልስ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ከ2019 ጀምሮ ጨዋታ ከመሃል በሚጀመርበት ቅጽበት እያንዳንዱ ቡድን ስድስት ሰው ከኋላ፣ ስድስት ከመሃል፣ ስድስት ከፊት ማቆም አለበት። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ! ሕጉ የሚይዘው ኳሷ እስክትነሳ ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መጉረፍ ለሚፈልግ መንገዱ ክፍት ነው።

የመሃሉ አራት ማዕዘንም ታሪኩ ያው ነው። ሰው መሃል ሜዳ ላይ እየተከመረ ስላስቸገረ በ1973 መጀመሪያ በአልማዝ ቅርጽ ተሰመረ፣ በ1975 አራት ማዕዘን ሆነ። ከአንድ ቡድን አራት ሰው ብቻ ይገባበታል።

ኳሷን ይዞ የሚሮጥ ሰው በየ15 ሜትሩ ማንጠር አለበት። ልጄ ሲለማመድ ጓሮዬን ያፈረሰው በዚህ ሕግ ምክንያት ነው። ይህ የጥንት ነው። በ1859 ሜልቦርን ላይ የተጻፉት ሕጎች አስር ብቻ ነበሩ፤ ኳሷን ከመሬት ማንሳት እንኳ አይፈቀድም ነበር። በ1866 ይዞ የሚሮጥ በየአምስትና ስድስት ያርዱ መሬት ያስነካ ተባለ። እግሩ የፈጠነ ሁሉ ኳሷን አቅፎ እንዳይነጉድ ነው።

ቅጣቱ ሲያንስ ቅጣት ራሱ ስልት ይሆናል። ይህን ያሳየኝ የ50 ሜትር አንቀጽ ነው። ድሮ አንድ ተጫዋች ኳስ ይዞ ሲቆም ተጋጣሚው ቢያደናቅፈው ቅጣቱ ወደ ፊት 15 ሜትር መግፋት ብቻ ነበር። ተከላካዮች ዋጋውን አዩት፤ ርካሽ ነው። ሰውየውን አቅፎ መያዝና እስኪደራጁ ጊዜ መግዛት አዋጣቸው። በ1988 ቅጣቱ 50 ሜትር ሆነ። ከዚያ በኋላ ማቀፍ ውድ ሆነ።

የቅያሬው ምዕራፍ ላይ ብዙ ወላጅ ይዘላል። አትዝለሉት። በ2008 ሲድኒ ከኖርዝ ሜልቦርን ሲጫወት ሲድኒ ለአፍታ 19 ሰው ሜዳ ላይ ነበረው፤ የሚፈቀደው 18 ነው። በሕጉ መሠረት የኖርዝ ካፒቴን ዳኛውን «ቁጠርልኝ» ማለት ይችል ነበር፤ ትርፍ ሰው ከተገኘ ሲድኒ እስከዚያ ያስቆጠረው ነጥብ ሊሰረዝ። ማንም አልጠየቀም። ጨዋታው እኩል በእኩል አለቀ። በ2023 ደግሞ እነዚሁ ሁለት ክለቦች። ሕጉ በጨዋታ 75 ቅያሬ ይፈቅዳል፤ ኖርዝ አንድ አሳለፈ። ቅጣቱ ለሲድኒ ጎል ሆነ፤ ሲድኒ በ3 ነጥብ አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ የክለባችንን ቅያሬ የምትመዘግበውን እናት በሙሉ ዓይኔ ነው የማያት። ሥራዋ ቀላል አይደለም።

አንድ አንቀጽ ላይ ግን ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ የአንገት ነገር ስለሆነ።

ከትከሻ በላይ መያዝ ቅጣት ምት ያሰጣል። ለጭንቅላት ጥበቃ ነው። ተጫዋቾች ይህን አይተው ሌላ ነገር ፈጠሩ። ተጋጣሚ ሊይዛቸው ሲል ጉልበታቸውን ሸብረክ ያደርጋሉ፣ ወይም ክንዳቸውን ወደ ላይ ይሰቅላሉ። ክንዱን ያቀፈው እጅ ተንሸራቶ አንገት ላይ ይደርሳል። ፊሽካ! የጂሎንጉ ጆኤል ሴልውድ በዚህ የታወቀ ነበር። በ2022 የኮሊንግውዱ ወጣት ጃክ ጊኒቫን ሲያበዛው ሊጉ በወቅቱ መሃል መመሪያ አወጣ፤ አያያዙን ራሱ ከፍ ያስደረገ ተጫዋች ቅጣት ምት አያገኝም።

ልጄ ይህን ከቴሌቪዥን ተምሮ ሳሎን ውስጥ ሲለማመድ ያዝኩት። እሱ እየሮጠ ጭንቅላቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ታናሹ ይይዘዋል። ደሜ ቀዘቀዘ። አንገት ነው! በአንድ የቅጣት ምት የሚለወጥ ነገር አይደለም። ከዚያ ቀን በፊት ስለ ሕግ ክፍተት ሳነብ ልቤ ሁሌም ከብልሁ ጋር ነበር። ባውደንን ወድጄዋለሁ፣ ዋላስን ወድጄዋለሁ። እዚህ ላይ ግን ከሕጉ ጋር ነኝ። መጽሐፉን አውጥቼ አንቀጹን አሳየሁት። «እማ፣ አሁን ስለማይሰጡ አይጠቅምም ማለት ነው?» አለኝ። «አይጠቅምም። ቢጠቅምም አታደርገውም» አልኩት።

መጽሐፉ ምን ይጎድለዋል? ታሪኩ የለበትም። ባውደን፣ ዊተን፣ ራምፒ አንዳቸውም በስም አይነሱም። ዘፈኑን አጥፍተው ዜማውን ብቻ እንዳስቀሩት ነው። አንቀጽ ከአንቀጽ እየዘለላችሁ ካልሆነ በቀር አንድ ሁኔታ በሙሉ አንድ ቦታ ላይ አታገኙም። የታዳጊዎች ውድድርም በዕድሜ የሚለያይ የራሱ ተጨማሪ ደንብ አለው፤ ያን ከሊጋችሁ ለብቻ መጠየቅ አለባችሁ። በአማርኛ የለም። ይህ ያሳዝነኛል፤ በዚህ ከተማ ልጆቻቸውን አጥር ተደግፈው የሚያዩ ስንት ሐበሻ ወላጆች አሉ። ምን እንደተፈረደ ሳይገባቸው አጨብጭበው ይሄዳሉ።

የማይጽፋቸው ነገሮችም አሉ። በ1991 የኤሰንደኑ አሰልጣኝ ኬቨን ሺዲ ከዌስት ኮስት ጋር ሲጫወት በሜዳው ላይ ያለውን የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ ጨርቅ አስሮት ነበር። የሜዳው ስም ራሱ ዊንዲ ሂል ነው፤ ነፋሻው ኮረብታ። ባለቤቱ ነፋሱን ያውቀዋል፤ እንግዳው እንዳያይ ነው። እንዲህ ያለውን የትኛው አንቀጽ ይይዘዋል?

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለታሪኩ ነው። ልጁ ፉቲ የሚጫወት ወላጅ ሁሉ ያውርደው። በቅደም ተከተል አታንብቡት። ልጃችሁ የተቀጣበትን አንቀጽ ፈልጋችሁ ከዚያ ጀምሩ።

በሚቀጥለው ረቡዕ ልምምድ ላይ ያን ልጅ ጠራሁት። ገጹን አሳየሁት። ስለ ባውደን፣ ስለ አስራ አንዱ የሆውቶርን ቢሃይንድ ነገርኩት። «አንተ ያደረግከውን በትልልቁ ሜዳ ላይ አድርገው ዋንጫ በልተውበታል» አልኩት። ጣቱን በመስመሮቹ ላይ እያስኬደ ቀስ ብሎ አነበበ። ጫና የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ።

«አክስት፣ ተጋጣሚው ቅርብ ከሆነ ግን ይፈቀዳል ማለት ነው?»

«ጫና ካለብህ ይፈቀዳል።»

ቋሚዎቹን አየ። ከዚያ ሜዳውን አየ።

«ታዲያ እስኪቀርበኝ ብጠብቀውስ?»